የጉጉት ቀፎ

ጉጉት በሌሊት የምትበር ወፍ ናት፤ ነገር ግን የሌሊት ወፍ አይደለችም። የሌሊት ወፍ ጥርስ ያላት፥ ልጇንም የምታጠባ ፍጥረት ናት፤ ጉጉት ግን ላባ የለበሰች፥ ዕንቍላል የምትጥል እውነተኛ ወፍ ናት። ስሟ ሲጻፍ፥ ሰው የሚወደውን ነገር ሲናፍቅ ከሚሰማው ጉጉት ጋር በፊደል አንድ ነው፤ አንባቢ ከንግግሩ ካልለየው በቀር ከፊደሉ ሊለየው አይችልም።

በኢትዮጵያ የጉጉት ወገን ብዙ ነው። ፊቷ ነጭ የኾነ፥ በአሮጌ ቤት ጣራ ሥር የምታድር አለች። በራሷ ላይ እንደ ቀንድ የቆመ ላባ ያላት ታላቅ ጉጉትም አለች። ይህ ታሪክ የሚናገረው ግን ስለ ዱር ጉጉት ነው። የዱር ጉጉት ቀንድ የላትም፤ ራሷ ክብ፥ ዐይኗ ጥቍር፥ ደረቷም ቡናማና ነጭ መስመር የተፈራረቀበት ነው። ቍመቷ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ነው፤ ክብደቷም ከ350 ግራም ብዙ አያልፍም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1834 እንድሩ ስሚዝ የሚባል ሐኪም ስለ እርሷ ጽፎ ለሊቃውንት አስታወቀ፤ ከሴኔጋልና ከኢትዮጵያ ዠምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ጫካ ባለበት ስፍራ ትኖራለች።

ከደጀን ተነሥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ የጮቄን ተራራ በግራው እያየ ይጓዛል። የተራራው ራስ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከተራራው በታች ያለው ሜዳ ጥቍር መረሬ ነው፤ ጤፍና ስንዴ ያበቅላል። በክረምት ጭቃው እግር ይይዛል፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ይኾናል፤ አይጥም በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ቤቱን ይሠራል። በዚህ ሰፊ ሜዳ መካከል ወዲያና ወዲህ እንደ ደሴት የጠቈረ ደን ይታያል። በደኑ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጽዱ፥ ወይራው፥ ዝግባው፥ ዋንዛውና ብሳናው የቀረው በዚያ ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ዛፍ አብዛኛው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ገና ለጋ ሳለ ስለሚቈረጥ ሆዱ ባዶ ለመኾን ዕድሜ አያገኝም።

የዱር ጉጉት ይህን ሜዳ ትታ በደሴቱ የምትኖርበት ምክንያት አለ። ጎጆ መሥራት አታውቅም። ሌላው ወፍ ሣርና ጭራሮ እየለቀመ ሲሠራ፥ እርሷ አንዲት ጭራሮ እንኳ አታመጣም። ባረጀ ዛፍ ግንድ ውስጥ ዝናብና ምስጥ የቦረቦረው ጕድጓድ ፈልጋ፥ ኹለት ያህል ነጭ ዕንቍላሎች በባዶው ወለል ላይ ትጥላለች። ሴቲቱ ብቻዋን 31 ቀን ያህል ትታቀፋለች፤ ወንዱም በሌሊት እያደነ ምግቧን ያመጣላታል። እንግዲህ ያረጀ ዛፍ ከሌለ የዱር ጉጉት የለችም።

ሕዝቡ ግን ጉጉትን አይወዳትም። በምሽት ስትጮኽ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ፤ «ሟርቷ ለራሷ ይኹን» የሚልም አለ። በቤት ውስጥ ሕመምተኛ ካለ ፍርሀቱ ይበረታል።

በብቸና አቅራቢያ ባለች አንዲት መንደር ያደገ ልጅ ነበረ። ሰባት ዓመት ሲኾነው አያቱ ታመው ሞቱ። በሞታቸው ዋዜማ ከደጃፋቸው ወይራ ላይ ጉጉት ጮኻ ነበርና፥ ለቅሶ የመጡት ሴቶች «ጠርታ ወሰደቻቸው» ሲሉ ልጁ ሰማ። ልጁ አያቱን እጅግ ይወድ ስለ ነበረ ነገሩ በልቡ ቀረ። ከዚያ ቀን ዠምሮ ጉጉት ዕዳ እንዳለባት ሰው ትታየው ነበር።

ዐሥራ አራት ዓመት ሲኾነው ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ለውሻ የሚኾን ዱላ ይዞ ቅኔ ሊማር ወጣ። በደብረ ወርቅ በኩል አልፎ ከሞጣ ጥቂት ራቅ ባለ አንድ ደብር ገባ። ጎጃም የቅኔ አገር ነውና ከሩቅ የመጡ ተማሪዎች በዚያ ነበሩ። ማደሪያቸው በእንጨትና በሣር የተሠራች ጠባብ ጎጆ ነበረች፤ የብቸናው ልጅ ከአንድ ባልንጀራው ጋር በአንዲቱ ያድር ነበር። ቀን ቍራሽ ይለምናሉ፤ ማታ ይማራሉ። ቅኔ የሚቈጥር ተማሪ ብቻውን ወደ ደን ገብቶ ከዛፍ ሥር መቀመጥ ልማዱ ስለ ኾነ፥ ልጁም አንድ ደረቅ ዋንዛ ለራሱ መረጠ። ዋንዛው ከላይ ደርቆ፥ ከታች በቁሙ የቀረ ነበረ፤ ከሦስት ሰው ቁመት በላይ በግንዱ ላይ አፉን የከፈተ ጕድጓድ ይታይ ነበር።

በበጋው መካከል ባልንጀራው ታመመ። ራሱን ፈለጠው፥ ዐጥንቱን ቈረጠመው፥ ገላው እንደ ምድጃ ጋለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ላብ አጥምቆት ትኵሳቱ ለቀቀውና ተማሪዎቹ ደስ አላቸው። ሳምንት ያህል ቈይቶ ግን ተመለሰበት፤ ይልቁንም ጠናበት። በእነዚያ ሌሊቶች ከደኑ ውስጥ ጉጉት ትጮኽ ነበር። አስቀድሞ ወፍራም ድምፅ ይጠራል፤ ጥቂት ቈይቶ ቀጭን ድምፅ ይመልሳል። ልጁ በሕመምተኛው አጠገብ ተኝቶ ይቈጥር ነበር። ድምፁ ወደ ጎጆው የቀረበ በመሰለው ጊዜ አያቱ ትዝ አሉት።

በማግሥቱ ወንጭፍ ገመደ። ጀንበር ስትገባ ከዋንዛው ሥር ተደብቆ ቈየ። በጨለማና በብርሃን መካከል ወፊቱ ከጕድጓዱ ወጥታ በቅርንጫፍ ላይ ዐረፈች፤ ዐይኗ በስፍራው አይዞርምና አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ተመለከተችው። ክንፏ ሲመታ ድምፅ ስለሌለው ብትበር ኖሮ ባልሰማት ነበር፤ እርሷ ግን አልበረረችም። ድንጋዩ አልሳታትም።

አንሥቶ ሲይዛት እንደ እፍኝ ጥጥ ቀለለችው። ይህን ያህል ያስፈራችው ወፍ ላባ ብቻ ነበረች። ከዚያም ግንዱን ተንጠላጥሎ ወጥቶ እጁን ወደ ጕድጓዱ ሰደደ፤ ኹለት ዕንቍላሎች ነበሩ። ገና ሞቀው ነበር። ባሉበት ትቷቸው ወረደ። ወፊቱን ከቅጠል በታች ቀበራት፤ ለማንም አልተናገረም። ባልንጀራው ግን በዚያች ሌሊት አልዳነም፤ በማግሥቱም ትኵሳቱ አልለቀቀውም። ከደኑም አንድ ድምፅ ብቻ ተጣራ። ወፍራሙ ነበረ። ይጠራና ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጠራል። ይህ እስኪነጋ ድረስ ኾነ።

መምህራቸው የኔታ ዐይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ነበረ። ዐይነ ስውር ሰው በዦሮው ያያል እንደሚባለው፥ በደኑ ውስጥ ያለውን ወፍ ኹሉ በድምፁ ያውቁት ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጁ ቅኔውን ሊያስነግር በፊታቸው ቢቀመጥ፥ ቅኔውን ሳይጠይቁት እንዲህ አሉት፤

«ልጄ፥ ሦስት ሌሊት ኾነ ቀጭኗ ዝም ብላለች። ወዴት ሄደች?»

ልጁ አፉ ተያዘ። በኋላም «የኔታ፥ እኔ ገደልዃት» አለ።

«ምን አደረገችህ?»

«ባልንጀራዬን ልትጠራው ነው ብዬ። አያቴንም እርሷ ጠርታ ወሰደቻቸው።»

የኔታ ጥቂት ዝም ብለው «የምትጠራው ባልዋን ነበር» አሉ። «እርሱ ከወዲህ ኾኖ ‹አለሁ› ይላታል፤ እርሷ ከወዲያ ‹አለሁ› ትለዋለች። ዐርባ ዓመት ሰምቻቸዋለሁ፤ ሌላ ነገር ሲናገሩ አልሰማሁም።»

ልጁ ራሱን ሊያጸድቅ ወደደ። «የኔታ፥ በኦሪት ርኩስ ከተባሉት ጋር ተቈጥራ የለምን?»

«ተቈጥራለች። አትብላት ተባልህ እንጂ ግደላት ተባልህን? ንስርም በዚያው ቍጥር ውስጥ ነው፤ በወንጌላዊው በዮሐንስ ሥዕል አጠገብ የሚሣለው ግን ማን ነው?»

ልጁ መልስ አላገኘም። የኔታም ሂድና ከዋንዛው ሥር ጉጉት የምትተፋውን ድብልብል ለቅመህ አምጣ ብለው ሰደዱት። ጉጉት የያዘችውን ሳትቈራርጥ ትውጣለች፤ ሆዷ ያልፈጨውን ጠጕርና ዐጥንት አድበልብላ ትተፋዋለች። ልጁ አምስት ያህል አምጥቶ በፊታቸው ሰበረው። የጢንዚዛ ቅርፊት፥ የአንበጣ እግር፥ የአንዲት አይጥም መንጋጋ ከነጥርሷ ተገኘ።

የኔታ በጣታቸው እየዳሰሱ «የሰው ነፍስ አለበትን?» ብለው ጠየቁ።

«የለበትም፥ የኔታ» አለ ልጁ።

በዚያው ቀን ተማሪዎቹ ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው ሞጣ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ሐኪሙ ትኵሳቱ ለቅቆ እንደ ተመለሰ በሰማ ጊዜ የልብሱን ስፌት ገልጦ አሳያቸው፤ ቅማል ሞልቶበት ነበር። በሽታው ግርሻ የሚሉት ነው፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚያመላልሰውም ቅማል ነው። ብዙ ሰው በጠባብ ቤት ተጨናንቆ በሚያድርበት ስፍራ ይበረታል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፤ የኹሉም ልብስ በፈላ ውሃ እንዲቀቀል አዘዘ። ታማሚው በጥቂት ቀን ተነሥቶ ተቀመጠ፥ ቍራሽም ለመነ። የብቸናው ልጅ በዚያች ማታ ደበሎውን ከእሳት አጠገብ ዘርግቶ ስፌቱን ሲመለከት አመሸ።

ወንዱ ጉጉት ግን አልተወም። ከዋንዛው አጠገብ በየሌሊቱ ይጣራ ነበር። ልጁም «ሌላ ሚስት ያገኝ ይኾናል፤ ቤቱ አለለት» እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ለማኅበር ድግስ እንጨት ተፈለገና የደብሩ ሰዎች «ደርቋል፥ ለምንም አይረባም» ብለው ዋንዛውን ቈረጡት። በአንድ ቀን ተፈልጦ አለቀ።

ደረቅ ዛፍ አይረባም ማለት የተለመደ ነው፤ ለማገዶ የቀረበ ስለ ኾነም እጅ ወደ እርሱ ይፈጥናል። ይሁን እንጂ የአንድ ዛፍ ሆድ ጉጉት እስኪያስገባ ድረስ እስኪቦረቦር የብዙ ሰው ዕድሜ ያልፋል። በስፍራው ሌላ እንዳይተካም ከብት ወደ ደኑ ገብቶ ቡቃያውን ይግጠዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የሚባሉ የደን ሊቅ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለውን ደን መርምረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በሆላንድ አገር ባቀረቡት ጽሕፈት 168 ዐይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ እንደ ተገኘ አስታውቀዋል፤ በሌላው ስፍራ የጠፋው በዚህ ተጠብቆ ቈይቷል። ከዚያም ወዲህ በአንዳንድ አድባራት ካህናቱና ምእመናኑ ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ ደርድረው ደኑን በካብ አጥረዋል። ከብቱ ሲቀር ቡቃያው ይነሣል። ነገር ግን ዛሬ የበቀለው ዋንዛ ለዛሬው ጉጉት አይደርስም።

ልጁ ይህን እያሰበ ቍራሽ ሲለምን፥ አንድ ሽማግሌ በብሳና ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ አየ። ቆሞ ተመለከታቸው። በጎጃም ንብ ማነብ የቈየ ሙያ ነውና ቀፎ ማየት አዲስ አልነበረም፤ ያን ቀን ግን በሌላ ዐይን አየው።

«አያ፥ ንቡን ማን ያስገባዋል?» አለ።

«ማንም አያስገባው። ቤት ካገኘ ራሱ ይመጣል።»

«ጉጉትስ ቤት ብታገኝ ትመጣለችን?»

ሽማግሌው ሥራቸውን ትተው ተመለከቱት፤ ሣቁም። «ለጉጉት ቀፎ! ማሯን ማን ሊቈርጥ ነው?» አሉ። ቢኾንም ልጁ ነገሩን ሲነግራቸው ሣቃቸው ቀረ፤ የሳጥን ጣውላ ትርፍራፊ ከሞጣ አናጢ ዘንድ እንዲለምን መከሩት።

ሳጥኑን ኹለቱ ሠሩት። ወለሉ በየጐኑ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፥ ቁመቱ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ነበረ። አፉን ከላይ በኩል አንድ ስንዝር ያህል ከፈቱት፤ ጣራውን ዝናብ እንዳይገባ አዘነበሉት። ወለሉን ውሃ እንዲያወጣ በጥቃቅኑ በሱት። ጉጉት ምንም የማታነጥፍ ስለ ኾነች ደረቅ የእንጨት ፍቅፋቂ አነጠፉላት፤ ያለዚያ ዕንቍላሉ በጣውላ ላይ ይንከባለላል። በሚስማር ዛፉን ላለማቍሰል በጠፍር አሰሩት፤ በዝግባ ላይ፥ ከሦስት ሰው ቁመት በላይ፥ ነፋስ ዝናቡን ከሚያመጣበት ወገን ፊቱን መልሰው ሰቀሉት።

እነዚህ ኹለቱ ከቀፎ አይተው ያሰቡትን ሌሎችም በሩቅ አገር አስበውታል። በፊንላንድ የኡራል ጉጉት የምትባል የዱር ጉጉት ወገን አለች፤ አካሏ ግን ከጎጃሟ እጅግ ይበልጣል። የምትወልደው ባረጀና በተሰበረ ግንድ ውስጥ ነበረ። በዚያ አገር እንጨት ታላቅ ንግድ ነውና ደን ጠባቂዎች ያረጀውን ግንድ እያነሡ ወጣቱን ብቻ ስላስቀሩ ጉጉቲቱ ቤት አጣች። ወፍ ወዳዶች ሳጥን እየሠሩ በየጫካው ሰቀሉ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1960ዎቹ ወዲህ ሥራው እየበዛ ሄዶ፥ ዛሬ የታወቁት ጥንዶች አብዛኞቹ በሳጥን ውስጥ ይወልዳሉ። እናቲቱ ለልጆቿ የምትቈጣ ስለ ኾነች ሳጥኑን ሊያይ የሚወጣ ሰው የብረት ቍብ ይደፋል፤ ፊቱንም ይሸፍናል። በእስራኤል ደግሞ ከ1983 ዠምሮ ለነጭ ፊቷ ጉጉት በእርሻ መካከል ሳጥን ተሰቅሎ አይጥ ታጠፋለች፤ በ2002 የዮርዳኖስ ገበሬዎችም ገቡበት። የጎጃሟ የዱር ጉጉት እንኳ እንደዚያች አይጥ ፈጅ አይደለችም፤ ይበልጡን የምትበላው ጢንዚዛና አንበጣ፥ የእሳት ራትም ነው። ስለ እርሷ ሲባል እውነቱ ብቻ ይበቃል።

ልጁ ሳጥኑን በሰቀለ በወሩ ከዝግባው ሥር ቆሞ ቢያዳምጥ ከውስጡ ድምፅ ሰማ። ልቡ መታ። ቀረብ ብሎ ሲያዳምጥ ግን ሲ–ዝ–ዝ ይላል። ንብ ገብቶበት ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ እስኪያነቡ ሣቁ፤ በወቅቱም ማሩን ቈርጠው ከእንጀራ ጋር ለየኔታ ላኩላቸው። የኔታም እየቀመሱ «ጉጉት ማር አስቈረጠች» እያሉ ተጫወቱ። ልጁ ግን አልተጫወተም። ከአናጢው ዘንድ ዳግመኛ ሄዶ ጣውላ ለመነ፤ ኹለተኛውን ሳጥን ወደ ደኑ ውስጥ ጠልቆ፥ አበባ ካለበት ሜዳ አርቆ በወይራ ላይ ሰቀለው።

ክረምቱ መጣ። በዝናብ ሌሊት ጉጉት ብዙ አይሰማም። መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲጠነክር ወፍራሙ ድምፅ ከወይራው አቅጣጫ ተሰማ፤ ልጁ ከደበሎው ወጥቶ በጎጆው ደጃፍ ተቀመጠ። ባልንጀራውም ነቅቶ «ምን ትሰማለህ?» አለው። «ዝም በል» አለው። ብዙ ጠበቁ። የመለሰ አልነበረም።

በበጋ አንድ ጧት ወይራው ላይ ወጣ። የወፊቱን ቍጣ ፈርቶ ራሱን በነጠላ ጠቅልሎ ነበር፤ የወጣበት ግን የለም። እጁን ወደ ሳጥኑ ሰደደ። ዕንቍላል አልነበረም። ፍቅፋቂው በአንድ ወገን ተጫጭሮ ጐድጕዶ ነበር፤ ከማዕዘኑም ደረቅ ድብልብል አገኘ። ወርዶ በየኔታ መዳፍ ላይ አኖረው።

የኔታ ሰበሩት፤ በጣታቸውም ፈተጉት። «ጢንዚዛ» አሉ። ጥቂት ቈይተውም «አንበጣ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው «ቅኔህን ተናገር» አሉት።